በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ሁለተኛ ዲግሪ፦ የትኛው ፕሮግራም ለየትኛው ሥራ?

ከ1961 ጀምሮ የልማት ባለሙያዎችን በገፍ ሲቀጥር የኖረው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ ጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን በይፋ አቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ብሪታንያ የውጭ ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ በ2027 ዝቅ እንደምታደርግ አስታወቀች። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ከ1977 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ ምሩቃንን ሲመለምልበት የቆየው የፕሬዚዳንታዊ ማኔጅመንት ፌሎውስ ፕሮግራምም ተዘጋ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ በማርች «ዩኤን 80» የተባለውን የማሻሻያ ዕቅድ ጀምሮ የሥራ መደቦችን ወደ መቀነስ ገባ። በ2023 ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎች ሲገቡ ክፍት ሆኖ ያዩትን በር ሲወጡ ተዘግቶ አገኙት።

ይህ ማለት ዓለም አቀፍ ሥራ አለቀለት ማለት አይደለም፤ ሥራው ቦታ እየቀየረ ነው። ባንኮች የማዕቀብ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ላኪና አስመጪ ኩባንያዎች የአውሮፓ ኅብረት በድንበር ላይ የሚጥለውን የካርቦን ክፍያ የሚያሰላላቸው ባለሙያ ይሻሉ፤ ይህ አሠራር በ2023 በሙከራ ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሙሉ ተፈጻሚነት አግኝቷል። የኅብረቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ በኦገስት 2024 ጸንቶ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ከፍቷል። ስለዚህ ፕሮግራም ሲመርጡ ከትምህርት ቤቱ ዝና በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ ልቀጠርበት ያሰብኩት መሥሪያ ቤት ነገ ባይኖር፣ የተማርኩት ነገር ሌላ ቦታ ያስቀጥረኛል ወይ?

አስቀድሞ መመዘኛው

ፕሮግራም ከመፈለግዎ በፊት ሥራ ይፈልጉ። ከአምስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ሊይዙት የሚመኙትን ዓይነት አሥር ወይም አሥራ አምስት የሥራ ማስታወቂያ ይሰብስቡ፤ በትምህርት፣ በልምድና በቋንቋ ሥር የተጻፈውን በአንድ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ለምሳሌ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፒ-3 (መካከለኛ የባለሙያ) ደረጃ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ማስታወቂያን ብንወስድ፣ ብዙውን ጊዜ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በስታቲስቲክስ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ መስክ ሁለተኛ ዲግሪና የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ቀጥሎ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ካለው በሁለተኛ ዲግሪ ምትክ ሊያዝለት ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ዓመት ተምሮ አምስት ዓመት የሠራ ሰው መስፈርቱን የሚያሟላው በሰባተኛው ዓመት ነው። ትምህርቱን ትቶ ሰባት ዓመት የሠራውም እንዲሁ። በወረቀት ደረጃ እኩል ደረሱ፤ አንዱ ዕዳ ይዞ፣ ሌላው ደመወዝ ሲቀበል ኖሮ። እርግጥ በውድድሩ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ሚዛን ይደፋል፤ ብዙ አመልካች ይዞት ስለሚመጣ የሌለው ሰው ይጋለጣል። ነገር ግን ዲግሪው ዋጋውን የሚያወጣው ያለ እሱ በሥራ ላይ የማይገኝ ክህሎት ከሰጠ ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ የድርጅቱ የወጣት ባለሙያዎች ፈተና የሚጠይቀው ከ32 ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና በዚያ ዓመት ተሳታፊ የሆነ አገር ዜግነት ነው። «ማስተርሴን ልጨርስና እፈተናለሁ» እያለ ዕድሜው የሚያልፍበት ሰው ያሳዝናል።

ሁለተኛው መመዘኛ ተሻጋሪ ክህሎት ነው። የኮርሶቹን ርእስ ትተው ተማሪው በመጨረሻ የሚያስረክበውን ሥራ ይመልከቱ። ስለ ኃይል ሚዛን ንድፈ ሐሳብ 5,000 ቃል ያለው ድርሰት ነው? ለሚኒስትር የሚቀርብ የሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው? የአንድ ፕሮጀክት በጀት ነው? ወይስ የቤት ለቤት ጥናት መረጃን በኮምፒውተር ተንትኖ ውጤቱን ማብራራት? አራቱም ዋጋ አላቸው። ከመንግሥት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ረድኤት ድርጅት ሲሻገሩ አብረው የሚሻገሩት ግን በዋናነት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው።

ሦስተኛው ሙሉ ወጪ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የትምህርት ክፍያው ብቻ ወጪ አይደለም፤ በባዕድ አገር ለመኖር የሚጨመረው ገንዘብና ሳይሠሩ የቀሩበት ደመወዝም ይደመራል። የዓመት ደመወዝዎን 1 ብለው ይያዙት። የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያም 1፣ ተጨማሪው የኑሮ ወጪ ደግሞ ግማሽ ይሁን። ግማሽ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኙበት የሁለት ዓመት ፕሮግራም 1 ለክፍያ፣ 1 ለኑሮ፣ 2 ለቀረ ደመወዝ፣ በድምሩ 4 ያስወጣዎታል። ሙሉውን የሚከፍሉበት የአንድ ዓመት ፕሮግራም 2.5 ነው። ግማሽ ቅናሽ አገኘሁ ብሎ የተደሰተው ሰው የበለጠ ከፍሏል ማለት ነው። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ሳይደምሩ የቅበላ ደብዳቤ አይፈርሙ።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። አንዱ ፕሮግራሙ ለሥራ ላይ ልምምድና ለቋንቋ ጊዜ ይሰጣል ወይ የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች ሲኖሩት የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የሚጽፍ አመልካች በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ላሉ መደቦች ገና ከመነሻው ይቀድማል። ሁለተኛው ከምረቃ በኋላ በዚያ አገር ሥራ ለመፈለግ የሚፈቀደው ጊዜ ነው። ጀርመን 18 ወር ትሰጣለች፤ ብሪታንያ ሁለት ዓመት ስትሰጥ ቆይታ ከ2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የማስተርስ ምሩቃን ወደ 18 ወር ዝቅ አድርጋለች።

የሁለት ዓመት ሙያዊ ማስተርስ

«የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤት» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ይህንን ነው። በአሜሪካ በ1933 የተመሠረተው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲው ፍሌቸር፣ በ1943 የተቋቋመውና ከ1955 ጀምሮ በጣሊያን ቦሎኛ ቅርንጫፍ ያለው የጆንስ ሆፕኪንሱ ሳይስ፣ እንዲሁም የኒውዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲፓ ይጠቀሳሉ፤ በአውሮፓ በ1927 የተመሠረተው የጄኔቫው ኢንስቲትዩትና በ2010 የተከፈተው የፓሪሱ የሳይንስ ፖ ትምህርት ቤት አሉ።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ሀብት በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ክረምት ነው። ተማሪው አንድ ዓመት ተምሮ ይወጣል፣ ይለማመዳል፣ የሚወደውንና የማይችለውን ያያል፣ ተመልሶ የሁለተኛውን ዓመት ኮርሶች በዚያ መሠረት ያስተካክላል። ሌላው ሀብቱ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለእውነተኛ ደንበኛ፣ ለሚኒስቴር ወይም ለረድኤት ድርጅት ወይም ለኩባንያ፣ የሚሠሩት የማማከር ፕሮጀክት ነው። ቀጣሪ ፊት ቀርቦ «ይህን ጥናት ለእገሌ መሥሪያ ቤት አስረክበናል፤ እኔ የሠራሁት የበጀት ክፍሉን ነው» ማለት የሚችል ሰው፣ ጥሩ ውጤት ካለው ብቻ የተሻለ ይደመጣል።

ድክመቱ ከጥንካሬው ይወለዳል። ሰፊ ስለሆነ ተማሪው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ሊወጣ ይችላል፦ አንድ የደኅንነት ኮርስ፣ አንድ የልማት፣ አንድ የአየር ንብረት፣ አንድ የመካከለኛው ምሥራቅ። በ2015 እንዲህ የወጣ ሰው ሰፊው የዕርዳታ ዘርፍ ይቀበለው ነበር፤ ዛሬ በእነዚያው መደቦች ከሥራ ከተቀነሱ ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ጋር ይጋፋል። ወደዚህ ከገቡ ከኮርሶችዎ ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ስታቲስቲክስ፣ የፕሮጀክት ፋይናንስ፣ የንግድ ሕግ ወይም ሌላ ተፈትኖ የሚረጋገጥ ክህሎት ላይ ያውሉ። ትምህርት ቤቱ ይህን አያስገድድዎትም፤ እርስዎ ራስዎን ያስገድዱ።

የልምምዱንም ወጪ አይርሱ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ተለማማጆች ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ኒውዮርክ ወይም ጄኔቫ ሁለት ሦስት ወር በራስ ገንዘብ መኖር ማለት ነው። እንደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያሉ አንዳንድ ተቋማት አበል ይሰጣሉ፤ አስቀድሞ መለየቱ ይጠቅማል። ለልምምድ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት ከሌለው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአንድ ዓመት ማስተርስ

የብሪታንያ መንገድ ነው። የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የመጀመሪያው የትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1919 በዌልስ አበሪስትዊዝ ሲሆን፣ የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ክፍል በ1927 ተከተለ። ባህሉ ምሁራዊ ነው፦ ብዙ ንባብ፣ ጥብቅ ድርሰት፣ በክረምቱ የመመረቂያ ጽሑፍ። ደመወዝ የሚቋረጠው ለአንድ ዓመት ብቻ በመሆኑ በወጪ በኩል ይመረጣል። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው የቼቭኒንግ ነጻ የትምህርት ዕድል ሙሉውን ይሸፍናል፤ በምላሹ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከምረቃ በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል።

የሚጎድለው ጊዜ ነው። ትምህርቱ በሴፕቴምበር ይጀምራል፤ ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ለቀጣዩ ዓመት ማመልከቻ የሚቀበሉት በዚያው መኸር ነው። ገና የቤተ መጻሕፍት ካርድ ሳይወጣ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ይጀመራል ማለት ነው። ሙያ ለመቀየር ለሚፈልግ ሰው ይህ በጣም ጠባብ ነው። ሥራ ይዞ፣ በዚያው መስክ ዕውቀቱን አጥልቆ ወደዚያው ሥራ ለሚመለስ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የሕዝብ ፖሊሲና አስተዳደር

በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ይህን «የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ እንዲያዩት እመክራለሁ። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የበጀት ትንተናና የፕሮግራም ግምገማ በአብዛኛው የግዴታ ኮርሶች ናቸው፤ ተማሪው ፈርቶ ሊሸሻቸው አይችልም። በእነዚህ የሠለጠነ ሰው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲዳከም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ወደ ከተማ አስተዳደር፣ ወደ ጥናት ተቋም ይገባል። ከላይ ባነሳሁት የመሥሪያ ቤት መዘጋት ፈተና ከሁሉም በላይ የሚያልፈው ይኸኛው ነው።

የገንዘብ ድጋፉም አንዳንዴ ለማመን ያስቸግራል። ፕሪንስተን በሁለት ዓመቱ የሕዝብ ጉዳዮች ማስተርስ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ሁሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ቅበላው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነው። በጀርመን ለሕዝብ ፖሊሲና መልካም አስተዳደር የተዘጋጀው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) የሄልሙት ሽሚት ፕሮግራም ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ይደግፋል። ጉድለቱ ቋንቋና የአካባቢ ዕውቀት ላይ ነው፤ የዲፕሎማሲ ታሪክ፣ የዓለም አቀፍ ሕግና የአንድ ክፍለ ዓለም ጥልቅ ጥናት በምርጫ ኮርስ ካልተሟሉ አይገኙም።

ልዩ ሙያ ላይ ያተኮረ ማስተርስ

የዓለም አቀፍ ሕግ፣ የልማት ኢኮኖሚክስ፣ የኅብረተሰብ ጤና፣ የአየር ንብረት ፋይናንስ፣ የሎጂስቲክስ፣ የመረጃ ትንተና። በአንድ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው አጠቃላይ ባለሙያ፣ ቆይቶ የሚወጣው የክትባት ማቀዝቀዣ ሰንሰለት የሚያስተዳድረው ሰው ነው፤ ያለ እሱ ሥራው ይቆማልና። በግሉ ዘርፍም እንዲሁ። የማዕቀብ ተገዢነት ባለሙያ በባንክ ውስጥ ቀኑን የሚያሳልፈው የአንድን ኩባንያ እውነተኛ ባለቤት በሦስት አገር ምዝገባ ውስጥ እየፈለገ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሕግ ወይም የሒሳብ መሠረት ከአጠቃላይ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ዲግሪ ይበልጥ ይረዳዋል።

በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉት የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርሶች ለዚህ አማራጭ ይመቻሉ። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል፤ ነጻ ዕድሉን ካገኘ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈለዋል። የሕግ ማስተርስ ግን በአብዛኛው አስቀድሞ የሕግ ዲግሪ ስለሚጠይቅ ለሁሉም ክፍት አይደለም። ሌላው አደጋ መስኩን በስሜት መምረጥ ነው፦ ዛሬ የተወደደ ዘርፍ ሲመረቁ ላይወደድ ይችላል። ከመስኩ ስም ይልቅ ከሥሩ ያለው ሙያ፣ ሕጉ፣ ሒሳቡ፣ ሕክምናው፣ ጸንቶ የሚቆይ መሆኑን ይመዝኑ።

ሥራ ላይ ላሉ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች

የሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት የመካከለኛ ሙያ ማስተርስና የፕሪንስተን የአንድ ዓመት የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ ሁለቱም የሰባት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ፍሌቸር ከ2000 ጀምሮ በርቀት ትምህርትና በአጫጭር የገጽ ለገጽ ቆይታ የተቀናጀ ፕሮግራም ያካሂዳል። ይህ የመጨረሻው ደመወዝ ሳይቋረጥ የሚማሩበት መንገድ ስለሆነ ከላይ በሠራነው ሒሳብ ትልቁን ወጪ ያስቀራል። ለደረጃ ዕድገትና ለኃላፊነት ቦታ ይጠቅማል፤ ምንም ልምድ ለሌለው ግን ትርጉም የለውም፤ እዚያ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ከአጠገብ ከተቀመጠው ባለሙያ ነውና። በርቀት የሚሰጥ ዲግሪ ከሆነ ተቋሙ በዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመረጃ ቋት ውስጥ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአመልካቾችን ዲግሪ ሲያጣራ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ዶክትሬት የምርምርና የማስተማር መንገድ ነው። ለተንታኝነት ወይም ለመስክ ሥራ ብሎ አራት አምስት ዓመት ማውጣት አያዋጣም፤ ከኢኮኖሚስቶች በስተቀር።

| አማራጭ | ጊዜ | በዋናነት የሚሰጠው | ሙሉ ወጪ | አሠሪ ሲጠፋ |
|---|---|---|---|---|
| የሁለት ዓመት ሙያዊ | 2 ዓመት | ልምምድ፣ ትውውቅ፣ ሰፊ ዕይታ | በጣም ከፍተኛ | እንደ ኮርስ ምርጫው |
| የአንድ ዓመት ምሁራዊ | 1 ዓመት | ጥልቅ ንባብና ጽሑፍ | መካከለኛ | ቀድሞ ሥራ ላለው ጥሩ |
| የሕዝብ ፖሊሲ | በአብዛኛው 2 ዓመት | ቁጥር፣ በጀት፣ ግምገማ | ከነጻ እስከ ከፍተኛ | በጣም ጥሩ |
| ልዩ ሙያ | ከ1 እስከ 2 ዓመት | የተረጋገጠ ሙያ | እንደ መስኩ፤ ድጋፍ አለ | በጣም ጥሩ |
| ሥራ ላይ ላሉ | ከ1 ዓመት ጀምሮ | አመራር፣ ደረጃ | ደመወዝ ካልተቋረጠ ዝቅተኛ | በልምዱ ላይ ይወሰናል |
| ዶክትሬት | 3 ዓመትና ከዚያ በላይ | ምርምር | ብዙ ጊዜ ድጋፍ አለው፤ ጊዜው ውድ ነው | ጠባብ |

ለየትኛው ሰው የቱ?

ከሃያዎቹ አጋማሽ በታች ሆነው ልምድም ገንዘብም ከሌለዎት፣ ሁለት ዓመት ይሥሩ፤ ምንም ዓይነት የመስክ፣ የሒሳብ ወይም የጽሑፍ ሥራ ይሁን። ብዙዎቹ ነጻ ዕድሎች ልምድ ይፈልጋሉ፤ ያለ ልምድ የሚገኘው ዲግሪ ደግሞ ከላይ እንዳየነው መደብ አያስይዝም። ከዚያ በኢራስመስ ሙንዱስና በሕዝብ ፖሊሲ ፕሮግራሞች ላይ ያተኩሩ።

ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ከሆኑ ሙያዎን ጥለው አጠቃላይ ዲግሪ አይያዙ። በያዙት ላይ ዓለም አቀፍ ገጽታ የሚጨምር የአንድ ዓመት ልዩ ማስተርስ ይበቃዎታል።

በዕርዳታ ዘርፍ አሥር ዓመት ሠርተው ሥራዎ በ2025 ከታጠፈባቸው አንዱ ከሆኑ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ላይጎድልዎት ይችላል። የጎደለው ምናልባት ልምድዎን በሌላ ዘርፍ ቋንቋ ማስረዳት ነው፦ የለጋሽ ሪፖርት የጻፈ ሰው የኩባንያ የዘላቂነት ሪፖርት መጻፍ ይችላል፤ የዕርዳታ እህል ያጓጓዘ ሰው የአቅርቦት ሰንሰለት ያውቃል። አጭር የምስክር ወረቀት፣ ለምሳሌ በፕሮጀክት አስተዳደር ወይም በፀረ ገንዘብ ማጠብ፣ በወራት ውስጥ የሚፈልጉትን ሊያደርግ ይችላል። ሐዘኑ ሳይበርድ የሁለት ዓመት ክፍያ ውስጥ አይግቡ።

ዲፕሎማት መሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአገሩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅጥር ደንብ ያንብብ። ህንድ ዲፕሎማቶቿን የምትመርጠው በሲቪል ሰርቪስ ፈተና ሲሆን የመጀመሪያ ዲግሪ በቂ ነው። ብዙ አገሮች ከቅጥር በኋላ በራሳቸው አካዳሚ ያሠለጥናሉ። የፈተናው ዝግጅት ከየትኛውም ውድ ፕሮግራም ይቀድማል።

የሚከፍልልዎ መሥሪያ ቤት ካለ፣ የተለየ ምክንያት ከሌለዎት በስተቀር ሥራ ሳይለቁ የሚማሩበትን ይውሰዱ።

ማስያዣ ከመክፈልዎ በፊት

ለቅበላ ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። የ2025 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ምሩቃን በስድስት ወር ውስጥ የት ተቀጠሩ? የቅጥር ሪፖርቱ ከስንት ምሩቃን ምላሽ የተሰበሰበ ነው? «90 በመቶ ተቀጥረዋል» የሚለው አኃዝ ግማሹ ምሩቅ ካልመለሰ ብዙም አይነግርም፤ ጊዜያዊና ያልተከፈለ ልምምድ እንደ ቅጥር ተቆጥሮ እንደሆነም ይጠይቁ። የውጭ አገር ዜጎች ውጤት ተለይቶ ይቀመጣል ወይ? የአንደኛው ዓመት ድጋፍ በሁለተኛውም ይቀጥላል ወይስ በውጤት ይወሰናል?

ከዚያ በራስዎ አገር ፓስፖርት የተማሩ ሁለት ሦስት የቅርብ ጊዜ ምሩቃንን ፈልገው ያነጋግሩ፤ ትምህርት ቤቱ መርጦ የሚያገናኝዎትን ብቻ አይስሙ። ቪዛው፣ ልምምዱና ቅጥሩ ለእርስዎ ዓይነት ሰው እንዴት እንደሚሄድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሱ ካላረካዎት ወይም ነጻ ዕድሉ ካልተሟላ፣ ቅበላውን ለአንድ ዓመት እንዲያስተላልፉልዎ ይጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በቂ ምክንያት ካገኙ ይፈቅዳሉ፤ ገንዘብ ድጋፉ ግን አብሮ መተላለፉን በደብዳቤ ያስረግጡ።